ግላድስተንና የመንግሥት ሃይማኖት

ዊልያም ኢዋርት ግላድስተን (1809–1898 እ.ኤ.አ.) አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ግን የተመኘው ቅስናን ነበር። የሊቨርፑል ባለጸጋ ነጋዴ የነበረው አባቱ ወደ ፖለቲካ ገፋው፤ በ1832 በወግ አጥባቂዎች በኩል ምክር ቤት ገባ። የክህነት ጥያቄውን ግን ይዞት ነው የገባው።

በ1838 ስለ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ግንኙነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሙግቱ ይህ ነው፦ መንግሥት እንደ ሰው ሁሉ ሕሊና አለው፤ ሕሊና ያለው ደግሞ እውነትን ለይቶ መመስከር አለበት፤ ስለዚህ መንግሥት እውነተኛይቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም የአንግሊካንን፣ ብቻ መደገፍና ሹመትንም ለልጆቿ መስጠት ይገባዋል። ከአምስት ዓመት በፊት በደቡብ አሜሪካ በደመራራ ባሪያዎች ይሠሩበት ስለነበረው የአባቱ ርስት በምክር ቤት ጥብቅና የቆመ ሰው ስለ መንግሥት ሕሊና ይህን ያህል እርግጠኛ መሆኑ ያስገርማል።

ታሪክ ጸሐፊው ማኮሌ በ1839 መልስ ሰጠ። የመንግሥት ዋና ሥራ የሰውን ሕይወትና ንብረት መጠበቅ ነው፤ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስብስቡ ሃይማኖት ይኑረው ከተባለ፣ ለጦር ሠራዊትም ለንግድ ማኅበርም ሃይማኖት ሊፈለግላቸው ነው። ግላድስተንን ከአቋሙ ያነቃነቀው ግን ከክርክሩ ይልቅ አየርላንድ ነበረች። በ1845 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ለማይኑዝ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ በየዓመቱ የሚሰጠውን 9 ሺህ ፓውንድ ገደማ ወደ 26 ሺህ ከፍ ሊያደርግ ተነሣ። ግላድስተን ከመጽሐፉ ጋር ይጣላብኛል ብሎ ሚኒስትርነቱን ለቀቀ፤ ከዚያም ለዚሁ ሕግ ድጋፉን ሰጠ። ብዙዎች ግራ ተጋቡ። እርሱ ግን ሐሳቡን የለወጠ ሰው ከለውጡ ጥቅም ያገኘ እንዳይመስል ሥልጣኑን አስቀድሞ መክፈሉ ነበር።

በ1868 የሊበራሎች መሪ ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሲይዝ የመጀመሪያ ሥራው የአየርላንድን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት መለየት ሆነ። ከአየርላንድ ሕዝብ የእርሷ አባል የነበረው ከስምንት አንዱ ያህል ብቻ ሲሆን፣ አሥራት ሲከፍልላት የኖረው ግን ካቶሊኩ ገበሬ ጭምር ነው። ሕጉ በ1869 ጸደቀ። በ1871 ደግሞ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ መምህርነት አንግሊካን ላልሆኑትም ተከፈተ።

ይህን ሁሉ ያደረገው እምነቱ ቀዝቅዞ አይደለም። መንግሥት ሕሊና አለው የሚለውን ሐሳብም ቢሆን አልጣለውም። በ1876 ኦቶማኖች በቡልጋሪያ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ ባሳተመው ጽሑፍ ብሪታንያን የወቀሰው በዚሁ መንፈስ ነው። የተወው ነገር ሕሊና ያለው መንግሥት የግድ አንዲት ቤተ ክርስቲያን መያዝ አለበት የሚለውን መደምደሚያ ነው።

ከባዱ ፈተና የመጣው በቻርልስ ብራድሎ ነው። በፈጣሪ መኖር የማያምነው ብራድሎ በ1880 ከኖርዝሃምፕተን ተመረጠ፤ በመሐላ ፈንታ በቃሉ አረጋግጦ ለመግባት ቢጠይቅ ተከለከለ፤ እምላለሁ ቢልም አልተፈቀደለትም። መራጮቹ ደጋግመው ላኩት፤ ምክር ቤቱም ደጋግሞ መለሰው። የሰውየው አመለካከት ለግላድስተን እጅግ የሚጎረብጥ ነበር። ሆኖም ሚያዝያ 26 ቀን 1883 በመሐላ ፈንታ በቃል ማረጋገጥን የሚፈቅደውን ረቂቅ ሕግ ደግፎ ተናገረ፤ ሮማዊውን ባለቅኔ ሉክሬቲየስን በላቲን እየጠቀሰ፣ ስለ ሰው ግድ በማይሰጠው ሩቅ አምላክ ማመን ለምግባር ምን ዋስትና ይሆናል ብሎ ጠየቀ። አይሁድ ከ1858 ጀምሮ ምክር ቤት ገብተዋል፤ ስለዚህ በሩን የሚጠብቀው ክርስትና መሆኑ ቀርቷል። አምላክ የሚለውን ስም የጠራ ሁሉ ይግባ፣ ያልጠራ ብቻ ይውጣ ማለት ደግሞ ክርስትናን ራሱን ማርከስ ነው። ለአንድ አማኝ ከዚህ የጠነከረ ሙግት ማግኘት ያስቸግራል። ያም ሆኖ ረቂቅ ሕጉ በ292 ለ289 ድምፅ ወደቀ። ብራድሎ በ1886 ምሎ ወንበሩን ያዘ፤ በ1888 ራሱ ባቀረበው ሕግ ለማይምል ሁሉ መንገዱ ተከፈተ። የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት የመለየት ጉዳይ ግን ግላድስተን እስኪሞት ድረስ ያልነካው ነው።