ስንቅ በአህያ፣ አመል በጉያ

ተረቱ ለመንገደኛ የተመከረ ነው። እህሉ ከባድ ነውና አህያ ይሸከምለት፤ አመሉን ግን የሚሸከምለት የለምና ራሱ ይያዘው። ሰው አገር የገባ እንግዳ ቁጣውን፣ ስስቱንና ምላሱን ጉያው ውስጥ ካልሸጎጠ፣ ጭነቱ ሙሉ ቢሆንም ማደሪያ አያገኝም።

ስንቅ እንደ ቀለብ በቤት የሚከርም ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር የሚጓዝ ምግብ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ እሳት አይጠይቅም፤ ውሃ ከተገኘ ይጨበጣል ወይም ይበጠበጣል። ከተሜው ዛሬ ቃሉን ብዙ አያነሳውም። ወታደር ስለ «ስንቅና ትጥቅ» ሲናገር፣ ቤተሰብም ለታሰረ ዘመዱ ስንቅ ሲያቀብል ይሰማል።

ቆላ ድባ ላይ ግን ቃሉ ገና የየሳምንቱ ጉዳይ ነው። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የደምቢያ ከተማ፣ ከጣና በስተሰሜን ጤፍና ሽምብራ በሚያበቅል ጥቁር አፈር ተከባለች። እንደ ሌሎች የአማራ ክልል የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ የገጠር ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲመጡ ለሦስትና ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እንጀራውና ሽሮው ከወላጅ ቤት ይመጣል። ሳምንቱ ሲጋመስ የአንዱ ጆንያ ይራቆታል፣ የሌላው ገና ግማሽ ነው። ያኔ አመል ከጉያ መውጣት ይጀምራል፤ አንዱ «አብረን እንብላ» ይላል፣ ሌላው የራሱን ይቆልፋል።

ተረቱ ጭነቱ የሚያልቅበትን ቀን አላሰበም።

ታሪክ ግን አስቦታል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ ወታደር ባላገር እየዘረፈ የሚኖርበትን ልማድ ለማስቀረት ደመወዝ ሊመድቡለት ሞክረው ነበር። ግዛታቸው ጠብቦ ሠራዊቱን የሚያበላው አገር ሲያንስ ያ ውጥን ፈረሰ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በገዛ ንጉሧ ጦር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ወታደሩ የዚያው ንጉሥ ወታደር ነው፤ የተለወጠው የሚበላው ነገር ነው። እንግዲህ አመልን በጉያ መያዝ ለጠገበ ሰው የቀለለ ምክር መሆኑ አይካድም። ተረቱን የተናገረውም ቢያንስ አህያ ነበረው።

አህያም ጭነትም የሌለው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። አቋቋም ሊማር ጎንደር በአታ፣ ድጓ ሊማር ጋይንት ቤተልሔም የሚወርደው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ቢያባርረው፣ ባለቤቲቱ ብትቆጣው መልስ አይሰጥም፤ ነገም እዚያው ደጅ ይመለሳልና። ስንቁን የሚያመጣለት አመሉ ነው። ያገኘውን ቁራሽም ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ከታመመውና ለልመና መውጣት ካልቻለው ባልንጀራው ጋር ይካፈለዋል።