ነፃዋ የትኛዋ ናት?

አማርኛ አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ማሠራት ይወዳል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ዕድሜና ጤና ሲለምንልን "መረቀን" እንላለን። ሾላ ገበያ ድንች የመዘነችልን ሴት፣ ሒሳቡ ካለቀና ሚዛኑ ከተነሣ በኋላ ሁለት ፍሬ አንሥታ ዘንቢላችን ውስጥ ጣል ስታደርግም "መረቀችን" እንላለን። "መርቂልኝ እንጂ!" ይላል ገዢ። "ይኸው መረቅኩልህ፤ ደግሞ ተመለስ" ትላለች ሻጭ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የቃል ትርጉም እንዴት እየሰፋ እንደሚሄድ ለተማሪዎቼ ማሳየት ስፈልግ የምጠራው ይህንኑ ቃል ነበር። ቡራኬና ሁለት ፍሬ ድንች በአንድ ስም!

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአንዲስ ተራሮች ሕዝቦች በኬችዋ ቋንቋ "ያፓ" ይሉታል። ቃሉ በስፓኞች አፍ ተጉዞ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ሲደርስ "ላኛፕ" ሆነ። ማርክ ትዌይንም እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው የሚሲሲፒ ወንዝ መጽሐፉ ውስጥ ቃሉን ወዶት አንሥቶታል። ከሾላ እስከ ሚሲሲፒ፣ የሰው ልጅ ሽጦ ሲያበቃ ትንሽ ካልጨመረበት የጎደለ ነገር ያለ ይመስለዋል ማለት ነው።

መቼም ምርቃትን መልአክ አላደርጋትም። የጣሳዋን ቂጥ ወደ ውስጥ ቀጥቅጣ ያስገባች ነጋዴ እፍኝ ሙሉ ብትመርቀን፣ የመረቀችን ከራሳችን ላይ ነው። ምርቃት ደንበኛ ማጥመጃ መሆኗንም ሻጭም ገዢም ያውቃል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ዝነኛ ድርሰቱ እንዳሳየው፣ በየትኛውም ማኅበረሰብ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለበት፦ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ሁለቱ ፍሬ ድንችም ለሚመጣው ቅዳሜ ያስጠሩናል። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። ምርቃት የምትመጣው ዋጋው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስንት እንደምትሆን አስቀድሞ አይነገርም። ደግሞም ፊታችንን ካየ ሰው እጅ የምትወጣ ናት፤ ልጅ ያዘለችውን አይታ የምትጨምር ሻጭ አለች፣ የገዢዋን ቀለበት አይታ የምትሰስትም አለች።

አሁን ከሾላ ተነሥተን፣ በመገናኛ በኩል አድርገን ወደ ላምበረት እንውጣ። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው እዚያ ነው።

ላምበረት ከድሮም የሚያልፍበት እንጂ የሚቀመጥበት ሰው ብዙ ያለው ሰፈር አይመስልም። መናኸሪያው ከደብረ ብርሃኑና ከደሴው መስመር የመጣውን ሲያራግፍ፣ የሚሄደውን ሲጭን ይውላል። ዛሬ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በየፎቁና በየኪራይ ቤቱ፣ በር የሌለው ሱቅ ሞልቷል። ሱቁ ቴሌግራም ነው፣ ቲክቶክ ነው። መጋዘኑ አልጋ ሥር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ መቀበያው ኪስ ውስጥ ገባ። የቀረው ሞተረኛ ነው፤ እሱም አስፋልቱ ዳር ቆሞ ስልኩን እያየ ይጠብቃል። በዚህ ገበያ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የምታነቡት አዋጅ አንድ ነው፦ "አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ!"

ጎረቤቴ የሆነች ወጣት ከነዚህ ሱቆች አንዱ አላት። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። የሴቶች ሻሽ ትሸጣለች። ጽሑፍ ላይ ጥሩ ነህ ስላሏት ነው መሰለኝ ማስታወቂያዋን እንዳይላት አመጣችልኝ። "አንድ ሻሽ በ1,100 ብር ሲገዙ አንድ በነፃ" ይላል።

"ይቺ ሻሽ ባለፈው ወር 600 አልነበረችም?" አልኳት።

"ነበረች ጋሼ። በ600 ስለጥፍ የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ 'ሁለት ሻሽ በ1,100' ብዬ ለጠፍኩ። መቶ ብር ቅናሽ እኮ ነው። በሳምንት ሦስት ሰው ገዛ። ቃሉን ቀየርኩና 'አንድ በነፃ' አልኩ። በሳምንት አርባ ሰው!"

"ዋጋው ግን ያው ነው።"

"ያው ነው። ዕቃውም ያው ነው። እንዲያውም ከድሮው መቶ ብር ረከሰ። ታዲያ ማን ተጎዳ? ጋሼ፣ ነፃ እንዳልሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል።"

ሁለት ነገር ነው የተናገረችው፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ውሸት ይባላል? የተጎዳ ሰው ከሌለስ በደል አለ?

ከመጀመሪያው ልነሣ። ልጅቷን ለመርዳት ከእሷ የተሻለ ክርክር እኔው ላምጣ። መርካቶ ገብታችሁ ነጋዴው "ሁለት ሺሕ" ሲላችሁ፣ ሁለት ሺሕ እንደማይሸጠው እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ግማሹን ትጠሩለታላችሁ። ይምላል፣ ትሄዳላችሁ፣ ይጠራችኋል። የዚያን ሰው ሁለት ሺሕ ማን ውሸት ይለዋል? የጨዋታው መክፈቻ ነው። እንግዲያው የልጅቷ "ነፃ" ለምን የጨዋታ መክፈቻ አይሆንም?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመርካቶው ቃል መልስ የሚቀበል ቃል ነው። የተጋነነው ዋጋ ከነመድኃኒቱ፣ ማለትም ከክርክሩ ጋር ነው የሚቀርበው። ስልክ ላይ የተለጠፈው "በነፃ" ግን የሚከራከሩት ሰው የለውም። ገዢዋ ማታ አልጋዋ ላይ፣ ከቁጥሩ ጋር ብቻዋን ናት።

ደግሞ የራሷ ቁጥር ይመሰክርባታል። በእርግጥ ሁሉም ሰው ቢያውቅ ኖሮ "ሁለት በ1,100" እና "አንድ በ1,100፣ አንድ በነፃ" የሚሉት ማስታወቂያዎች እኩል በሸጡ ነበር። ያው ዕቃ፣ ያው ብር ነዋ! አንደኛው ሦስት፣ ሌላኛው አርባ ገዢ ካመጣ፣ መሐላቸው ያሉት ሠላሳ ሰባት ሰዎች በቃሉ ውስጥ ብሩ ላይ የሌለ ነገር አይተዋል ማለት ነው።

ይህን ስነግራት ዝም አለች። እኔ ግን ብቻዬን ሳስበው ክርክሬ የመሰለኝን ያህል አልጠነከረም። ሻምፓኒየር፣ ማዛርና አሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሁለት ዓይነት ቸኮሌት ለሽያጭ አቀረቡ፤ ምርጥ የሚባለውን የስዊዝ ቸኮሌት በ15 ሳንቲም፣ ተራውን በ1 ሳንቲም። ከገዢዎቹ 73 በመቶው ምርጡን ወሰዱ። ከዚያ ከሁለቱም ላይ አንድ አንድ ሳንቲም ብቻ ቀነሱ፤ ምርጡ 14 ሆነ፣ ተራው በነፃ። ምርጡን የሚፈልገው ወደ 31 በመቶ ወረደ፤ 69 በመቶው ወደ ነፃው ጎረፈ። ልብ አድርጉ፤ እዚህ ማንም አልዋሸም። ነፃው የእውነት ነፃ ነበር። "ነፃ" የሚለው ነገር ብቻውን፣ ያለ ምንም ማታለል፣ የሰውን ልብ ያሞቀዋል። ስለዚህ ከሠላሳ ሰባቱ ስንቱ ተታሎ፣ ስንቱ ደስ ብሎት እንደገዛ በምን እለያለሁ? ምናልባት የፈለጉት ሁለቱን ፍሬ ድንች ነው። ከተማው መራቂ አሳጥቷቸው፣ የምትመርቅ ሻሽ ሻጭ አገኘን ብለው ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከፈላስፎቹ ይልቅ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ጠቅሞኛል። አሜሪካ ውስጥ ሜሪ ካርተር የሚባል የቀለም ኩባንያ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ቀለም በ6 ዶላር ከ98 ሳንቲም ለገዛ ሁለተኛውን በነፃ እሰጣለሁ እያለ ዓመታት አስነገረ። የንግድ ኮሚሽኑ ከሰሰው። ኩባንያው የእኛ ቀለም ሌሎች አንዱን ቆርቆሮ በዚሁ ዋጋ ከሚሸጡት አያንስም፣ ገዢው ምን ጎደለበት ብሎ ተከራከረ። ጎረቤቴ "ማን ተጎዳ?" እንዳለችው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ትእዛዝ አጻጻፉ ግልጽ አይደለም ብሎ ቢመልሰውም፣ ማስታወቂያው አሳሳች ነው የሚለውን ግን አጸናው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኩባንያው አንዲት ቆርቆሮ ለብቻዋ ሸጦ አያውቅም። ለብቻዋ ተሸጣ የማታውቅ ቆርቆሮ ደግሞ የራሷ ዋጋ የላትም። 6 ዶላር ከ98 የመንታዎቹ ዋጋ ነው። ከመንታ ልጆች አንዱን "ይኸኛውን በነፃ ነው የወለድኩት" የምትል እናት አለች? ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ኮሚሽኑ "ነፃ" ስለሚለው ቃል አጠቃቀም ራሱን የቻለ መመሪያ አወጣ፤ የነፃውን ዋጋ በሚከፈለው ላይ ጭኖ "ነፃ" ማለት አይቻልም የሚል።

እኛም አገር ሕግ የለም እንዳይባል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ወጥቷል። አዋጅ አልጋ ሥር ያለ መጋዘን ድረስ እንዴት እንደሚዘልቅ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እስከዚያው እውነቱን የጻፈችው ሻጭ ሦስት ሰው ታስተናግዳለች፣ ያልጻፈችው አርባ። ይህን እያየሁ ልጅቷን ብቻ መገሠጽ አይሆንልኝም። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በአርባው ነው።

"ማን ተጎዳ?" ላለችው ግን መልስ ያለ ይመስለኛል፤ መልሱንም ለማየት ከፎቅ ወርዶ ላምበረት አስፋልት ዳር መቆም ይበቃል። እዚያ ጉሊት የተቀመጡት ሴቶች የሚሠሩት ከ"አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ" ተቃራኒውን ነው። እነሱ ይከፋፍላሉ። ዘይት በሲኒ፣ ቲማቲም በመደብ፣ በርበሬ በማንኪያ። ከጋራው ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው እናት በዕለቱ ያላት ብር የዕለቱን ዘይት ብቻ ነው የሚገዛላት፤ ጉሊቷም ይህን አውቃ እንደ አቅሟ ትቆርስላታለች። በእርግጥ በሲኒ የሚገዛው በሊትር ሲሰላ ውድ ነው፤ ድህነት ሁልጊዜም በችርቻሮ ነው የሚከፈለው። የስልኩ ገበያ ግን ጭራሽ አይቆርስም፣ እጥፍ ያደርጋል። 600 ብር ይዛ አንድ ሻሽ የፈለገች የቤት ሠራተኛ ባለፈው ወር ትገዛ ነበር። ዛሬ ወይ 1,100 ታመጣለች፣ ወይ ትተወዋለች። አንዷን ብቻ ልውሰድ ብትል ዋጋዋ 1,100 ነው የሚል ማስታወቂያ ፊት ለፊቷ ተለጥፏል። "ነፃ" የሚለው ቃል የከለከለው እሷን ነው። ከዚህ ላይ ከአውቶብስ ገና የወረደውን፣ ስልክ በገዛ በሳምንቱ ይህን አዋጅ የሚያነበውን ልጅ ጨምሩበት። "ሁሉም ሰው ያውቃል" ሲባል ከ"ሁሉም" ውስጥ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ኪሱ የሳሳው ነው።

ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ሣቀችብኝ። "ጋሼ፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስታስቡ ሰዉ መላ ዘይዷል" አለችኝ። የሻሽ ገዢዎቿ ቅርጫ ጀምረዋል!

ቅርጫን የማያውቅ አንባቢ የለኝም። በሬውን ብቻውን የማይችለው ገንዘቡን ያዋጣል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ማን የቱን እንደሚወስድ ዕጣ ይወጣል። ሞተረኛው እንደነገራት ከሆነ አሁን ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚያገኘው ሁለት ሴት ነው፤ አንዳንዴ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ የጠበቁት ሁለቱ በአንድ ምግብ ቤት የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። አንዷ 1,100ውን በቴሌብር ላከች፣ ሌላዋ እዚያው 550 ብር ከጡቷ ሥር አውጥታ ቆጠረችላት። የሞተሩንም ተካፈሉ። ልጁ ነገረኛ ቢጤ ነውና "ነፃዋን የምትወስደው የትኛችሁ ናችሁ?" አላቸው። የሰማውም አልነበረም። ሁለቱም ቡናማዋን ፈልገው እየተጨቃጨቁ ነበር።