ልብስና ስም

የሰው ልጅ በሕይወት ሳለ ለመብቱ ይሟገታል፤ ሲበደል ይጮኻል፤ ያልፈለገውን ስጦታ እንኳ «አልሻም» ብሎ ይመልሳል። ሙት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ለመሆኑ፣ ሲቀሙት ለማይከስ፣ ሲሰጡትም እሺታውን ለማይገልጽ ሰው ሕያዋን ያለባቸው ግዴታ ምንድን ነው? ጥያቄው የሁሉም ሕዝብ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን በሰሜን አሜሪካ የሞርሞን እምነት ተከታዮች የቀብር ልማድ ላይ ተመርኩዘን ነው። ምክንያቱም ይህ ሕዝብ ከሙታን የመውሰድንም ሆነ ለሙታን የመስጠትን ፈተና በታሪኩ ውስጥ አይቶታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እምነቱ በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት በጆሴፍ ስሚዝ ተመሠረተ። ስሚዝ በ1844 በእስር ቤት ሳለ በታጠቁ ሰዎች ከተገደለ በኋላ፣ አብዛኞቹ ተከታዮቹ ከ1846 ጀምሮ ከኢሊኖይ ግዛት ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። ዛሬ የኦማሃ ከተማ በሆነው ስፍራ ሰፍረው ክረምቱን ሲያሳልፉ፣ በሽታና ብርድ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን ፈጀባቸው። በዚያ መካነ መቃብር ቀራፂው አቫርድ ፌርባንክስ የሠራው ሐውልት በ1936 ተመርቆ ቆሟል። የሚያሳየውም ልጃቸውን የሚቀብሩ አባትና እናት ተጠጋግተው ቆመው ነው። ሐውልቱ ድል አያውጅም። ስደተኛ ጉዞውን ሲቀጥል መቃብሩን ይዞ መሄድ እንደማይችል ብቻ ይነግረናል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ለሙታኑ የሚሰጠው ከፍተኛ ግምት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ሳይሆን፣ ጥሎት ከሄደው መቃብርም የበቀለ ነው ማለት ይቻላል።

የቀብር ሥርዓታቸው በመሠረቱ ቀላል ነው። በቤተ መቅደስ ሥርዓት የፈጸመ ሰው ሲሞት፣ በዚያ ይለብሰው የነበረውን ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀበራል። ሟች ሴት ከሆነች ሴቶች፣ ወንድ ከሆነም ወንዶች ያለብሱታል፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ቤተ ዘመድና የአጥቢያው ምእመናን ናቸው። በመቃብሩ ላይ የክህነት ማዕረግ ያለው ሰው ጸሎት አድርጎ ስፍራውን እስከ ትንሣኤ ድረስ የዕረፍት ቦታ እንዲሆን ይባርካል። አስከሬን ማቃጠል ባይከለከልም መቅበር ሲመረጥ ኖሯል። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ከሞት በኋላም በአንድነት ይኖራሉ ብለው ስለሚያምኑ፣ በመቃብር ድንጋዩ ላይ የቤተ መቅደስ ሥዕል ተቀርጾ ማየት የተለመደ ነው። ልብሱ እንግዲህ ተራ ጨርቅ አይደለም፤ ሟቹ ማን እንደ ነበረና ምን ተስፋ እንዳደረገ የሚናገር የመጨረሻ ቃሉ ነው።

በ1862 መባቻ በሶልት ሌክ ከተማ የተፈጸመው ነገር ሕዝቡን ያናወጠውም ስለዚህ ነው። ዣን ባፕቲስት የተባለ የመካነ መቃብሩ ቆፋሪ፣ የቀበራቸውን ሰዎች ሌሊት እያወጣ ልብሳቸውን ሲገፍ መኖሩ ተደረሰበት። በቤቱ የተከማቸው ልብስ ተሰብስቦ፣ ቤተ ዘመድ የየራሱን እንዲለይ ለእይታ ቀረበ። እናቶች የልጆቻቸውን ልብስ ከክምሩ ውስጥ ፈለጉ። ወንጀለኛው በጨው ሐይቁ ውስጥ ወዳለ ደሴት ተጋዘ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከዚያ ጠፋ። የእምነቱ መሪ ብሪገም ያንግ በዚያው ዓመት ባሰማው ስብከት የተጨነቀውን ሕዝብ ሲያጽናና፣ ሙታን በትንሣኤ ጊዜ ልብስ እንደማይጎድላቸውና እርሱ ቢሆን የወዳጆቹን መቃብር ሳይነካ እንደሚተወው ተናግሯል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በራሳቸው እምነት እንኳ ሙታኑ ምንም ካልጎደላቸው ቁጣው ስለ ምን ነበር? በትንሣኤ የማያምን ሰውም ቢሆን «ሙት አይበርደው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይሁንና ቁጣው ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። በደሉ የተፈጸመው በሟቹ ገላ ላይ አይደለምና። የተደፈረው አደራ ነው። ያ ሰው ከማንም ይልቅ የታመነው ቀባሪ ነበር፤ የበላውም ባለቤቱ ተመልሶ የማይጠይቀውን አደራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መስጠት እንሻገር። በነሐሴ 1840 በናቩ ከተማ ጆሴፍ ስሚዝ በአንድ ወዳጁ ቀብር ላይ ሲሰብክ፣ ሳይጠመቁ ለሞቱ ሰዎች ሕያዋን ተተክተው ሊጠመቁላቸው እንደሚችሉ አስተማረ። ትምህርቱ ከኀዘን መካከል መወለዱን ልብ ይሏል። ይህን ለመፈጸም የሟቾችን ስም ማወቅ ያስፈልጋልና፣ በ1894 የትውልድ ሐረግ አጥኚ ማኅበር ተቋቋመ። በኋላም በዩታ ግዛት ከጥቁር ድንጋይ ተራራ ሆድ ውስጥ በተፈለፈለ ግምጃ ቤት፣ ከብዙ አገሮች መዛግብት የተነሡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የማይክሮፊልም ጥቅሎች ተከማቹ። ዛሬ የአያቱን አያት ስም የሚፈልግ፣ እምነቱ ሌላ የሆነ ሰው እንኳ ከዚህ ሥራ ይጠቀማል።

ነገር ግን ከስሞቹ መካከል በናዚዎች የተጨፈጨፉ አይሁዳውያን ስም ተገኘ። አይሁዳውያን ድርጅቶች ባሰሙት ተቃውሞ በ1995 ስምምነት ተደርጎ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ እነዚያን ስሞች ከመዝገቧ ለማውጣትና ድርጊቱን ለማስቆም ቃል ገባች። ሆኖም በ2012 በአንዳንድ ምእመናን አቅራቢነት ለአን ፍራንክና ለሲሞን ቪዘንታል ወላጆች እንዲህ ያለ ጥምቀት መፈጸሙ ታወቀ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቪዘንታል ወላጆች ጉዳይ ይቅርታ ጠየቀች፤ ምእመናንም የራሳቸውን ዘመዶች ስም ብቻ እንዲያቀርቡ በድጋሚ አሳሰበች።

ሰጪዎቹ የሚያቀርቡት መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ጥምቀቱ ሟቹን አያስገድደውም፤ የመቀበልም ያለመቀበልም ነጻነት አለው፤ ድርጊቱም ከፍቅር የመነጨ ነው ይላሉ። ከፍቅር መመንጨቱን እንቀበል። ታዲያ በ1862ቱ ነገር ያገኘነውን መመዘኛ እዚህ ላይ ብንተወው ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ልብሱ መወሰዱ ሟቹን ባይጎዳውም በደል ከሆነ፣ ሥርዓቱ ሟቹን ባያስገድደውም በደል ሊሆን ይችላል። እነዚያ ሰዎች የተገደሉት አይሁድ በመሆናቸው ነው። ሕይወታቸው፣ ንብረታቸው፣ መቃብራቸው እንኳ ተወስዶ የቀራቸው ስማቸው ብቻ ነው። ያንን ስም ሳይጠይቁ ወደ ሌላ እምነት መዝገብ ማሻገር፣ በቅን ልቡና የተደረገ ቢሆን እንኳ፣ የመጨረሻ ልብሳቸውን መግፈፍ ይመስላል።

እርግጥ ሌባውንና ወዳጁን በአንድ ሚዛን አንመዝንም። አንዱ ለራሱ ወሰደ፤ ሌላው ለሰው ሰጠ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን፣ ሙት መመለስ አለመቻሉን እንደ ፈቃድ መቁጠራቸው ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ይህ ነገር የታሪክ ጸሐፊውንም፣ ሙታንን በመድረክ ላይ የሚያናግረውን ተውኔት ደራሲም ይመለከታል። እኛም ያልተናገሩትን በአፋቸው ስናስገባ፣ ያላመኑበትን ዓላማ ስናሸክማቸው፣ እያከበርናቸው መስሎን አደራቸውን እንበላለን።

የሶልት ሌክ መካነ መቃብር የከተማው አስተዳደር ንብረት ነው። በዚያውና በአጠገቡ አይሁድና ካቶሊኮች የየራሳቸው ስፍራ አላቸው፤ ከሞርሞን ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ኮረብታ ላይ፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ ምልክትና በራሱ ጸሎት ሥር ተኝቷል። መዝገቡ የዘነጋውን ወሰን ምድሩ ጠብቆታል። ሕያዋን ለሙታን የሚገባቸውን ሊያደርጉ ቢሹ፣ ከሁሉ አስቀድመው እንደ ኖሩት ይተዉአቸው።