ውዝዋዜ ይወረሳል ወይስ ይማሩታል?

በናይሮቢ ከተማ በኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ የነበራቸው የቀድሞ ቪላዎች በብዛት ቦታቸውን ለባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማዎች ለቀዋል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ሕፃን እስክስታን የሚያየው በሠርግ አዳራሽ ወይም በቴሌቪዥን እንጂ በደጃፉ አይደለም። ስለዚህም አንዲት እናት ልጇን ወደ ውዝዋዜ አስተማሪ ልትወስድ ስትነሣ፣ ከዘመድ አንዱ «እስክስታም በክፍያ ይማሩታል እንዴ?» ብሎ ቢስቅ አያስደንቅም። ሳቁ ግን ቁም ነገር አዝሏል። እየተቆጠረ በመስተዋት ፊት የተጠና ውዝዋዜ የራስ ሊሆን ይችላልን?

ይህን ጥያቄ አየርላንዳውያን ቀደም ብለው ተጋፍጠውታል። የእነርሱ ውዝዋዜ የእስክስታ ተቃራኒ ይመስላል፤ ደረት ቀጥ፣ ክንድ ከጎን ልጥፍ ብሎ ሥራው ሁሉ የእግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የጌሊክ ማኅበር ቋንቋቸውን ለማነቃቃት ሲነሣ ውዝዋዜውንም አብሮ ያዘ። በ1930 ደግሞ ኮሚሽን ተቋቁሞ ለመምህራንና ለውድድር ደንብ አወጣ። በ1994 በደብሊን የቀረበው «ሪቨርዳንስ» ይህን ጥበብ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ መሪ ተወዛዋዦቹ ጂን በትለርና ማይክል ፍላትሊ ሁለቱም የተወለዱት በአሜሪካ ነበር። የአያቶቻቸውን አገር ውዝዋዜ ከባሕር ማዶ ሆነው በትምህርት አገኙት፤ ይሁንና የእነርሱ አይደለም ያለ አልተሰማም።

ትምህርቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ዳኛ ሊመዝነው የሚችለው እርምጃ ሲከበር፣ ክንዱን ፈታ አድርጎ ለዜማው በዚያው ቅጽበት መልስ የሚሰጠው የኮነማራ ገጠር የቆየ ስልት ከዚያ የውድድር መድረክ ውጭ ቀረ። ለዳኛ የሚመች ሁሉ ለጨዋታ አይመችም።

በእኛም ዘንድ መድረክ የራሱን አሻራ ትቷል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና ከእርሱ በኋላ የመጡት ቴአትር ቤቶች የየአካባቢውን ጭፈራ አሳጥረው፣ አሰልፈው ለተመልካች አቀረቡ። በውጭ አገር የሚሰጠው ትምህርትም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የመድረክ መልክ የተቀዳ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን በጎንደር፣ በጎጃም ወይም በወሎ ሠርግ እስክስታ ጭውውት ነው። አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ይመልሳል፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው በጭብጨባና በእልልታ ይፈርዳል። መስተዋት ግን አይመልስም።

እንግዲህ ውዝዋዜን የራስ የሚያደርገው የትውልድ ሐረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጎንደሬ ሆኖ ትከሻው የማይታዘዝለት ባልተገኘ ነበር። የራስ የሚያደርገው መልስ መስጠት መቻል ነው። አጠገቧ ቆማ የተማረች ኬንያዊት ጎረቤቷም ከመለሰች ድርሻዋን ማንም አይነሣትም። የመምህሩም ዕዳ ከዚህ ይመነጫል። እርምጃው ከተጠና በኋላ ልጆቹን ከመስተዋቱ አዙሮ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ማቆም ይገባዋል።

የወላጅ ዕዳ ግን ይከብዳል። ልጇን አድርሳ በር ላይ በስልኳ ፎቶግራፍ የምታነሣ እናት፣ ምናልባት ከአገሯ በልጅነቷ ወጥታ እስክስታ የማታውቅ፣ የምታፍርም ትሆናለች። ይሁን እንጂ እናቷ የምታፍርበትን ነገር ልጅ እንደ ውርስ አትቀበለውም። እናት ጫማዋን አውልቃ ብትገባና ብትሳሳት፣ ልጅቱ ትከሻዋን ወደ እርሷ ታዞራለች፤ ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንዳወረሰ መለየት ያስቸግራል።