የተሰፋ ብራና

በጣና ደሴት ገዳማት የሚጠበቁ የብራና መጻሕፍት ሲገለጡ አልፎ አልፎ የተሰፋ ገጽ ይታያል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ተወጥሮ ሲፋቅ ትንሽዋ ጭረት ቀዳዳ ትሆናለች። ፋቂው ይሰፋታል፤ ጸሐፊው ቀዳዳዋን ዘሎ ይጽፋል።

የሰው ቆዳም ውጥረትን አይረሳም።

ላይፖሰክሽን በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከቆዳ ሥር ያለ ስብ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል። እብጠቱ ለወራት ስለሚቆይ እውነተኛው ቅርጽ የሚለየው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስቡ እኩል ካልወጣ ገላው ይጎደጉዳል፤ ቆዳው ካልተሰበሰበ ይላላል፤ ከሥር ጠባሳ ከሠራ ይጠጥራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ ይበረታል።

ታዲያ የተሰጠን ገላ መለወጥ ኃጢአት ነውን? ኦሪት ዘሌዋውያን ገላን መንቀስ ይከለክላል። የጎጃም እናቶች ግን ግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ኖረዋል። ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ እነሱን ይመልከት።

ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ የቶማስ ታሪክ ይነገራል። ከሞት የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክት አላጠፋውም፤ ለተጠራጠረው ደቀ መዝሙር አሳየው እንጂ። የከበረው ገላ ጠባሳ ካለው፣ ጠባሳ በራሱ ነውር ሊሆን አይችልም።

ነውር አለመሆኑ ግን ሕመምን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ቆይቶም ቢሆን ቆዳው ከቀላ፣ ፈሳሽ ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካመጣ፣ ባለቤቱ ሳያፍር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።