ዝናቡ ያንተ አይደለም፤ መሸፈኑ ግን ያንተ ነው



የዛሬው ማስታወሻችን የሚነሳው ከአንድ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፣ ስለ ጦርነት አይደለም። የአደን ጠመንጃ ነው፤ በእኛ አገር «ቆመህ ጠብቀኝ» እየተባለ የሚቀለድበት ዓይነት፣ አንዱን ጥይት ተኩሰህ ሌላውን በእጅህ ካላቀባበልክ የማይተኩስ አሮጌ መሣሪያ።

አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። እዚያ በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ ሰዉ አጋዘን ለማደን ይወጣል፤ አሮጌ የአደን ጠመንጃ መግዛትና መሸጥ የተለመደ ነገር ነው። ይህ ወንድም ከሥራ ባልደረባው ላይ አንድ የዛገ ጠመንጃ በ250 ዶላር ገዛ። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ሲሠራበት ከረመ። ዝገቱን አጸዳ፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ አጣብቆ ሞረደ፣ እንጨቱን ዘይት አጠጣ፣ የላላውን ሞላ ቀየረ፣ ብረቱን አጥቁሮ አስዋበው። ሲጨርስ ያየው ሁሉ አደነቀ፤ የሚያውቁ ሰዎችም 600 ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ነገሩት። ገንዘቡን አገር ቤት ላሉት እናቱ የዓይን ሕክምና ሊልከው ነየተ።

ከዚያ ለማስታወቂያው መለያ ቁጥሩን ሊጽፍ አየው። ቁጥሩ ከ800,000 በታች ነበር። እንቅልፍ ያሳጣው ይህ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ጠመንጃው የ1903 ስፕሪንግፊልድ ይባላል። ለአሜሪካ ጦር የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሲቪል እጅ ገብተው ሰደፋቸው እየተቆረጠ የአደን ጠመንጃ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 አንዳንዶቹ ሲተኮሱ ብረታቸው ይሰባበር ጀመር። ምርመራ ተደረገ። ችግሩ የተገኘው ጥይቱ ሲፈነዳ ግፊቱን ተሸክሞ የተኳሹን ፊት የሚጠብቀው የመሃል ብረት ላይ ነበር። ሠራተኞቹ ብረቱን በእሳት ሲያግሉ ሙቀቱን የሚለኩት በዓይናቸው ነበር፤ ልክ እንደ እኛ አገር ቀጥቃጭ ቀለሙን እያዩ። ታዲያ ፀሐይ በደመቀችበት ቀን የጋለው ብረት ለዓይን የደበዘዘ ይመስላል፤ ስለዚህ እሳቱን ይጨምሩበታል። በደመናና በፀሐያማ ቀን መካከል ያለው ልዩነት እስከ 300 ዲግሪ ፋራናይት ይደርስ እንደነበር ኋላ ላይ በመለኪያ ታወቀ። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት ደግሞ ከውጭ ጠንካራ ይመስላል እንጂ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው።

አሠራሩ ተስተካከለ። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ ደግሞ ከ285,507 በታች ቁጥር ያላቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠረጠራሉ። የድሮ የጦር ጠመንጃዎችን ለሲቪሎች የሚሸጠው ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የተባለው ድርጅትም እንዳይተኮስባቸው ይመክራል። አስቸጋሪው ነገር፣ የትኛው ብረት እንደተቃጠለ በዓይን አይታይም። ጠመንጃ ጠጋኝ ጋር ወስደህ ልኩን ብታስለካም የብረቱን ተሰባሪነት አይነግርህም።

የወንድማችን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ «እኔ አላበላሸሁትም። እኔም ሳላውቅ ነው የገዛሁት። ብዙዎቹ መቶ ዓመት ተተኩሶባቸው ምንም አልሆኑም። ‹እንዳለ ነው የምሸጠው› ብዬ ብሸጠው ማን ይጠይቀኛል? ከተናገርኩ ደግሞ 200 ዶላርም አላገኝበት። ዝም ብል ወንጀሉ ምንድን ነው?»

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የፈትዋውን ጉዳይ ወደ ዑለማዎች መርቼዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ አብረን እናስተንትነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ በአንድ እህል ሻጭ በኩል ሲያልፉ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ሙስሊም ዘግበውታል። እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት የረጠበውን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ሀዲስ ስንሰማ ብዙ ጊዜ አእምሯችን ላይ የሚመጣው እህሉን ሆን ብሎ ውኃ ያጠጣ ሌባ ነው። ሰውየው ግን እንደዚያ አላደረገም። ያረጠበው ዝናብ ነው። ዝናቡን ደግሞ ያወረደው አላህ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እህልህ ለምን ረጠበ ብለው አልወቀሱትም። የወቀሱት የረጠበውን ከታች፣ የደረቀውን ከላይ ስላደረገ ነው። ከአፉ አንድም ውሸት አልወጣም፤ የዋሸው አደራደሩ ነው።

የወንድማችን ጠመንጃም እንዲሁ ነው። የዚያን ቀን ፀሐይ የደመቀችው በእሱ ፈቃድ አይደለም። ብረቱን ያጋሉት ሠራተኞችም አታላዮች አልነበሩም፤ ዓይናቸው ነው ያሳታቸው። እስካሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንጀለኛ የለም። ተጠያቂነት የሚጀምረው ቁጥሩን ካየባት ደቂቃ ነው። ካወቅህ በኋላ ያማረው ሰደፍና የሚያብረቀርቀው ብረት ከላይ የተደረገ ደረቅ እህል ይሆናል። መጠገን ኢሕሳን ነው፤ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን ይወዳል። ግን ያው ጥገና፣ ያው ዘይትና ያው ቀለም ጉድለቱን ከሸፈንክበት መጋረጃ ይሆናል።

አሁን ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«እኔም ተሸውጄ ነው።» ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያሳዝናልም። ግን አስተውል፦ ኪሳራው ወደ አንተ ሲመጣ ፈተና ነበር፤ ብትታገስበት አጅር ታገኝበታለህ። በዝምታ ወደ ሌላ ሰው ስታሻግረው ግን የአንተ ሥራ ይሆናል። ፈተናህን በወንጀል ለወጥከው ማለት ነው። በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው ሲወጣ ጉድጓዱን በቅጠል ሸፍኖ አይሄድም።

«ምናልባት ምንም አይሆንም።» ልክ ነው፣ ምናልባት። ነገር ግን የዚህ «ምናልባት» ባለቤት ማን ነው? ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስጠግቶ ቃታውን የሚስበው ገዢው ነው። የሚጠፋ ዓይን ካለ የእሱ ዓይን ነው። በራሱ ዓይን ላይ መወሰን ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ፣ አንተ ሳትነግረው ወሰንክለት። ነግረኸው «ግድ የለም፣ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ» ካለ ምርጫው የእሱ ነው። ደግሞም አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፦ ነገሩ ቢነገር ዋጋውን የሚቀንስ ከሆነ ዐይብ ነው። በ600 እና በ200 መካከል ያለው 400 ዶላር የጠመንጃው ዋጋ አይደለም። የገዢው አለማወቅ ዋጋ ነው።

«እንዳለ ነው የምሸጠው ብያለሁ።» ዑለማዎች በዚህ ዓይነት ውል ዝርዝር ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡትን ግን ተመልከቱ። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በዘመኑ በነበረው ሥርዓት አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም፣ ከጉድለቱ ነጻ ነኝ በሚል ውል ሸጡ። ገዢው በሽታ እንዳለበትና እንዳልተነገረው ከሰሰ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ሲሸጡ በሽታውን እንደማያውቁ ይማሉ ብለው ፈረዱ። ኢብን ዑመር መማልን እምቢ ብለው መልሰው ተቀበሉ። ሰውየው ከእሳቸው ዘንድ ዳነና በ1,500 ዲርሃም ተሸጠ። እንግዲህ ራስህን ጠይቅ፦ «እንዳለ ነው» የሚለውን ቃል ከምትጽፍ በፊት፣ «ወላሂ አላውቅም ነበር» ብለህ መማል ትችላለህ? ካልቻልክ ያ ቃል አያድንህም።

«ገዢው ሙስሊም አይደለም» የሚልም አይጠፋም። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ከሰዎች ሲወስዱ ሞልተው ለሰዎች ሲሰጡ የሚያጎድሉትን ነው። ሰዎች ነው የሚለው፤ ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም።

የእናት ሕክምናስ? ወላሂ ይህ ልብ ይነካል። የእናት ሐቅ ከባድ ነው። ግን የአንዲት እናት ዓይን እንዲበራ የሌላዋን እናት ልጅ ዓይን አደጋ ላይ መጣል በየትኛው ሚዛን ይሆናል? ጥሩ ኒያ ሐራምን ሐላል አያደርገውም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የሐኪም ኢብን ሒዛም ሀዲስ፣ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ያለውን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። በረካ የሌለው 600 ዶላር ለእናት ይላካል እንዴ?

ለወንድሜ የመለስኩለት ይህን ነው፦ ቁጥሩን በግልጽ ጻፍ፣ ችግሩንም ንገር፣ «እንዳይተኮስበት» በል። ለጌጥ ወይም ለመለዋወጫ የሚፈልገው አይጠፋም። ሰደፉን፣ ሞላውን፣ አነጣጥሮ ማያውን ነጥሎ መሸጥም ይቻላል። ለማንም ሳይሆን በአገሩ ሕግ መያዝ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ሽጥ፤ የማታውቀው ሰው ከሆነ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል አድርገው። መሣሪያ እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም። ሶሓባው ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በፊትና ጊዜ መሣሪያ መሸጥን ይጠሉ ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ጫፉን እንዲይዝ አዘዋል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ አደራ፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ይህን ጽሑፍ ለዚያ ማስረጃ አታድርጉት።

ሁለት ቀን ዝም ካለ በኋላ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «ቁጥሩን ጻፍኩት። እስካሁን የደወለ የለም፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።»

ወንድሜ፣ እህቴ፦ አንተ ጠመንጃ የለህም ይሆናል። ስልክ ግን ትሸጣለህ። ስክሪኑ የተቀየረ፣ ውኃ ገብቶበት የደረቀ፣ ባትሪው ከሰዓት የማይደርስ ስልክ ጠርገህ፣ አዲስ ከቨር አልብሰህ ቴሌግራም ላይ «ምንም ችግር የለበትም» ትላለህ። መኪና የሚሸጠው ኪሎ ሜትሩን ያስወርዳል። ቤት የሚያከራየው ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በቀለም ይሸፍናል። ሁላችንም ዝናብ ያገኘው እህል አለን። አላህ የሚጠይቀን ስለ ዝናቡ አይደለም። የረጠበውን የት እንዳደረግነው ነው።

ስንገዛም እንዲሁ ነው። ጀሪር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብተው ነበር። ጦበራኒ እንደዘገቡት፣ አንድ ፈረስ በ300 ዲርሃም ሊገዛላቸው ሲል ባለቤቱን «ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል» እያሉ እስከ 800 አደረሱለት። የባሏን ንብረት ዋጋውን ሳታውቅ የምትሸጥ ባልቴት ስታገኝ ጀሪርን አስታውስ።

ዛሬ ጁምዓ ነው። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ ለሶላት ሲጠራን ንግዳችንን እንድንተው፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ተበትነን ችሮታውን እንድንፈልግና እርሱን አብዝተን እንድናወሳ አዞናል። ከመስጊድ ወጥተን ገበያ ስንገባም ዚክሩ አብሮን እንዲገባ ነው። ከዚክሮች ሁሉ ከባዱ ምናልባት ለገዢ «ቆይ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» ማለት ነው።

ያ አላህ! ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ በጥቂቱም በረካ ጨምርልን። ከሰው የደበቅነውንና አንተ የምታውቀውን ነውራችንን እንድናስተካክል አግዘን። የታመሙ እናቶቻችንን አሽራቸው። አሚን።

ዛሬ በሱረቱል ከህፍና በሶለዋት አትዘናጉ። መልካም ጁምዓ!