እጃችን ወይስ እኛ?

ለመሆኑ ሰው ሳያስበው እጁ ለሠራው ጥፋት ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው የመጣብን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጭድ ከጠቀጠቅንባቸው ጆንያዎች ላይ ነው።

ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን ጥቂት ተማሪዎች የጁጂትሱን መሠረታዊ ትግል እንለማመዳለን፤ አንድ ቅዳሜ የደሴዎቹ ሐረጎን ይወርዳሉ፣ በሳምንቱ የኮምቦልቻዎቹ ይወጣሉ። ትግልስ ለእኛ አዲስ አይደለም። በልጅነታችን መስክ ላይ ስንተናነቅ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ! ጁጂትሱ ግን ገና ከዚያ ይጀምራል።

መጀመሪያ የሚማሩት መውደቅን ነው፤ አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ መሬቱን በክንድ መትቶ። ቀጥሎ ከሥር ሆኖ ዳሌን እያሸሹ ማምለጥ። ከዚያ ክንድ መቆለፍ ይመጣል፦ የጓደኛን ክንድ በሁለት ጭን መካከል ይዞ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ዳሌን ቀና ማድረግ። የተያዘው በመዳፉ መታ መታ ካደረገ «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ ይለቀቃል። ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን አቋቁሞ ከጥንቱ ጁጂትሱ ጁዶን ሲያወጣ፣ በሙሉ ኃይል ከሚደረገው ልምምድ አደገኛ አደገኛውን ያስቀረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ የሰበርከው ጓደኛ ነገ አያለማምድህማ!

መደጋገም ግን ጣጣ አለው። አንዱን አያያዝ መቶ ጊዜ ስትደግመው እጅህ ሐሳብህን ይቀድማል፤ የሚፈለገውም እኮ ይኸው ነው። አንድ ቅዳሜ ከመካከላችን አንዱ፣ የያዘው ልጅ መታ መታ እያደረገ፣ ዳሌውን ቀና አደረገ። ክርኑ ቀጭ አለ።

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለን፣ ላብ እያጠመቀው።

አመንነው። ታዲያ አለመዋሸቱ ነጻ ያወጣዋል እንዴ? አሪስቶትል መልካም ጠባይ በልማድ ይገኛል ይላል፤ ልማዱን የመረጥነው ደግሞ እኛው ነን። መቆለፉን መቶ ጊዜ ስንደግም መልቀቁን ስንት ጊዜ ደገምን? አንድም ጊዜ! መልቀቅማ ማንም ያውቃል ብለን ትተነው ነበር። እንግዲህ ያ እጅ የአንድ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ሁላችንም ነን ያሠለጠንነው። (በዚህ ላይ እስካሁን የማይስማሙ አሉን፤ «እናንተ ሁሉን የጋራ ታደርጉታላችሁ» ይሉናል።)

አሁን መልቀቅን ለብቻው እንለማመዳለን። የተያዘው ባልታሰበ ሰዓት፣ ገና ሳይቆለፍ እንኳ፣ መታ ያደርጋል፤ ያዡ ወዲያው ይለቃል። እንደገና። እንደገና። ይሰለቻል፤ ሁለት ልጆች ሰልችቷቸው ቀርተዋል።

ክርኑ የተጎዳው ጓዳችን ከሁለት ወር በኋላ ተመልሷል። ግራ ክንዱን ይሰጠናል። ቀኙን ገና ነው።